ወደ ጣሪያ የሚወጣ ሽቦ

ባለፈው ቅዳሜ ግርማ የሚባል የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ ሱሉልታ ወረደና የሽፈራውን ቤት እየጠየቀ ደጃችን ደረሰ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ይዟል። «ሽፈራው አለ?» አለኝ። መጀመሪያ ጥቁር ሸሚዜን አየ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ ራሷን ተላጭታ የቆመችውን እናቴን አየ። ጥያቄውን እዚያው ተወው።

እንዴት እንደሆነ ነገርኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣውን ፈታው። በሰም የተነከረ ክር ነው፤ አንድ ሙሉ ጥቅል። «አደራ ብሎኝ ነበር እኮ» አለ። «መጀመሪያ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ተዘጋብኝ። ቀጥሎ ፈረቃዬን ቀየሩብኝ። ዛሬ ነገ ስል...» ከዚያ በኋላ የተናገረውን በደንብ አልሰማሁትም። እናቴ ክሩን ተቀብላው ስታበቃ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት። ይዛው ገባች፣ ይዛው ወጣች።

ስለ ወንድሜ ልጽፍ የተቀመጥኩት ግርማ ከሄደ በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጽሑፍ ግን አልችልም። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ሽፈራው ታላቄ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። በአውሮፕላን ጣቢያው የጥገና ክፍል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ፣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር። ሲሠራ ቡሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚናገር የሚለውን የምንሰማው ቤተሰቦቹ ብቻ ነበርን። ሽቦ በግድ ስጎትት ሲያየኝ ቡሎኖቹን ከአፉ አውጥቶ «ሽቦ መንገድ ነው የሚፈልገው፣ ጉልበት አይደለም» ይለኝ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ ብሎኛል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ጎትቻለሁ።

አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ይህን ስጽፍ ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ ሱሉልታም ስቋል። የአንበጣ መድኃኒት ሲረጭ ወድቆ የተሰበረ ትንሽ አውሮፕላን ነበረ፤ የእሱን አጥንት ከውዳቂ ብረት መካከል አግኝቶ በእንጦጦ በኩል በካሚዮን አስመጣው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ክንፉ ከላይ የሚገጠም ዓይነት ነው። በፖስታ ከውጭ አገር ባስመጣው ንድፍ እየተመራ የጎደለውን በእንጨት፣ የተጣመመውን በመዶሻ ያቃናል። የሚሠራውም አባታችን ትቶልን በሄደው የድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ነው። አባታችን ድርቆሽ ነጋዴ ነበር። መጋዘኑ ግማሹ ድርቆሽ፣ ግማሹ አውሮፕላን ሆነ።

ከመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ ያያል። «ሽፈራው! ዶሮህ እንቁላል የምትጥለው መቼ ነው?» ይሉታል።

«ለፋሲካ ቀጥራኛለች!»

ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ አስካለች ደግሞ «ቅቤዬን ጭነህ ጫንጮ ገበያ ታደርሰኛለህ?» ይሉታል።

«ቅቤው ይደርሳል፣ እትዬ። ለእርስዎ ግን ዋስ አልሆንም።»

የማብሪያ ማጥፊያዎቹን ሰሌዳ ያደረገው ጣሪያው ላይ ነው፤ ከሚነዳው ሰው ራስ በላይ። እኔ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ፊት ለፊትህ ብታደርገው አይቀልህም?» አልኩት።

«ይቀላል።»

«ታዲያ?»

ቡሎኖቹን ከአፉ አወጣ። «ትልልቆቹ ላይ ፓይለቱ ከመነሣቱ በፊት ቀና ይላል። እጁን ወደ ላይ ይዘረጋና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። እኔ ዘመኔን ሙሉ ያንን ከታች ሆኜ በመስታወት ነው የማየው። የሚያበራውን ሽቦ የዘረጋሁት እኔ፣ ጠቅ የሚያደርገው ሌላ ሰው።» ብሎ ቡሎኖቹን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

ባትሪው ከወንበሩ ሥር ነው። ሽቦው ከዚያ ተነሥቶ በወለሉ ሥር ያልፍና ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ውስጡ ባዶ ብረት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይታጠፍና ጣሪያው ላይ ካለው ሰሌዳ ይገባል። ያ ብረት ጠባብ ነው፣ ደግሞም ጎባጣ። ሽቦ ስንሰድበት መታጠፊያው ላይ ይቀራል። በመጨረሻ ትንሽ ጥጥ ክር ላይ አሰረና በብረቱ ታችኛው አፍ ከተታት፤ የብስክሌት መንፊያ ደቀነባትና ነፋት። ጥጧ በላይኛው አፍ ቱር ብላ ወጥታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ድርቆሹ ላይ ተንከባለለ። ሽቦውን በዚያች ክር ጎትተን አወጣነው። እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻው ቀን ያ ይመስለኛል። ወይም እኔ እንደዚያ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ከዚያ ታመመ። ታመመ ማለት እንኳን አይደለም፤ በሽታው አብሮት ነበር። ልጅ ሆኖ ጉሮሮውንና መገጣጠሚያውን አሞት ነበር፤ ያ በሽታ ዞሮ ልቡ ላይ እንደ ተቀመጠ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ነገረን። አብሬው ገብቼ ነበር። «ከባድ ዕቃ አታንሣ» አለው ሐኪሙ። «ደረጃ ቀስ ብለህ ውጣ። ደግሞ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ የምትሠራው ሥራ ካለ አቁም። ከትከሻህ በላይ እጅህን አታንሣ። ልብህ አይችለውም።»

ሽፈራው ወደ እኔ ዞሮ «አውሮፕላኔን ማን አሳየው?» አለኝ።

ሥራውን ለቀቀና ቤት ገባ። እማዬ የሰማችውን ትእዛዝ በራሷ መንገድ ፈጸመች። የካፖርት መስቀያውን ምስማር ነቅላ ዝቅ አድርጋ መታችው። ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አውርዳ መሬት ላይ ደረደረች። ጠጉሩን ራሷ ታበጥርለት ጀመር፤ ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሰው አንገቱን አቀርቅሮ ይበጠራል። «አይዞሽ እማዬ፣ አልተሰበርኩም» ይላታል። ማበጠሯን ትቀጥላለች።

እሱ ግን ዞር ስትል ወደ መጋዘኑ ይሄዳል። ሽቦዎቹ ጣሪያው ድረስ ወጥተዋል፤ የቀረው በጣሪያው ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ከሰሌዳው ጋር ማገናኘት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ያነሣል። ሁለት ቡሎን ሳያጠብቅ ከንፈሩ ይጠቁራል። እጁን አውርዶ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። እንደገና ያነሣል።

እማዬ «አንተ ምን ትሠራለህ? ከልክለው እንጂ!» ትለኛለች። እሱ «ታዴ፣ ካቻቢቴውን አቀብለኝ» ይለኛል። መሃላቸው ቆሜ ለሁለቱም «እሺ» እላለሁ።

እኔው ልሠራለት ሞከርኩ። የሽቦውን ልባስ ስልጥ ውስጡን ቆረጥኩት። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ቆረጥኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ተወው» አለኝ። «ክንፉን ማንም ሰው ይገጥመዋል። ሞተሩንም ግርማ ይገጥመዋል። እኔ እንደማልበር አውቃለሁ፣ ታዴ፤ ሞኝ አይደለሁም። ሽቦውን ግን መንገዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እስከ ጣሪያው ደርሶ አንዲት መብራት ካበራ ይበቃኛል።»

ዘዴውን ያመጡት ኦቦ ቱሉ ናቸው። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ አባታችን በሕይወት ሳለ ድርቆሹን የሚያጭዱለት እሳቸውና ልጆቻቸው ነበሩ። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ያወራሉ። አንድ ጧት «አካም ቡልቴ፣ ሽፈራው?» እያሉ ሲገቡ ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ድርቆሹ ላይ ተደግፏል። እኔን አዩኝ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። አውሮፕላኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ አጎንብሰው ጣሪያውን ከውስጥ አዩት።

«አልጋ ስንጠፍር ምን እናደርጋለን?» አሉ።

የጣሪያውን ብረት በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«እንገለብጠዋለን። ይሄስ ምንድን ነው? ብረት አልጋ ነው። ገልብጠው፤ ያኔ ጣሪያው መሬት ይሆናል፤ ተቀምጠህ፣ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ ትሠራለህ።»

ሽፈራው አፉን ከፍቶ አያቸው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ኦቦ፣ አንቱ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«አጥሩ ማዶ ነዋ!»

ኦቦ ቱሉ ጅጌ ጠሩ፤ ለአጨዳ ወይም ቤት ለማቆም ሰው እንደሚጠራው። ክንፉም ሞተሩም ስላልተገጠመ ሰውነቱ ብቻውን ቀላል ነው። ባትሪውን አወጣነው፤ አሲዱ እንዳይፈስ። ጎረምሶቹ ዙሪያውን ያዙ። «ቀስ! ነፍሰ ጡር ናት!» ይላል አንዱ። «ባሏ ማነው?» ይላል ሌላው። እየሳቁ፣ እየዘፈኑ ገልብጠው የድርቆሽ እስር ላይ አሳረፏት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ሽፈራው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ጣሪያው እግሩ ሥር ነው። እጁ ከጉልበቱ ከፍ አይልም። ከንፈሩ አልጠቆረም። እማዬ ሁለት ቀን በበሩ ቀዳዳ አየችው። በሦስተኛው ቀን እንዝርቷን ይዛ መጥታ አጠገቡ ድርቆሽ ላይ ተቀመጠች። እሱ ሽቦ ይዘረጋል፣ እሷ ጥጥ ትፈትላለች። «ግራው ቀኝ ሆኖብኛል፣ እማዬ» ይላታል። «ግድ የለም፣ አንተ ብቻ ተቀመጥ» ትለዋለች። ምግብ እዚያው ታመጣለታለች። ፊቷ ሞላ ብሎ ነበር። ልጇን ያዳነችው መስሏት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር።

እያንዳንዱን ሽቦ ጣሪያው ላይ ጎን ለጎን አስተኛው። ሲያልቅ ባለሙያ የሚያደርገው ሽቦዎቹን በአንድነት ሰብስቦ በሰም ክር በየመካከሉ ማሰር፣ ከብረቱም ጋር ማያያዝ ነው። ክሩን ግርማ እንዲያመጣለት ልኮበታል። ክሩ ግን አልመጣም። «በናስትሮ ጠቅልለው» አልኩት። «ናስትሮ ሲሞቅ ይለቃል» አለኝ። ሽቦዎቹ ደግሞ ምንም ሳይታሰሩ ቀጥ ብለው፣ አምረው ተኝተው ነበር። በገዛ ክብደታቸው ነው የተኙት። ያን ያህል ጊዜ በሽቦ ሥራ የኖረ ሰው፣ በየቀኑ እያያቸው፣ ለምን ዝም ብለው እንደተኙ ረሳው። ሁላችንም ረሳነው። ጣሪያውን መሬት ብለን ለምደነው ነበር።

የድርቆሽ አጨዳ ደረሰ። ኦቦ ቱሉ «ልጆቹ ነገ ሜዳ ይወርዳሉ። ከወረዱ በኋላ አላገኛቸውም። ዛሬ እንመልሳት» አሉ። ሽፈራው ትንሽ አሰበ። «ክሩን በኋላ አስረዋለሁ» አለ። ጎረምሶቹ መጡ፣ ያዙ፣ ዘፈኑ፣ ገለበጡ።

አውሮፕላኑ በእግሩ እንደቆመ ሽቦዎቹ ሁሉ ከጣሪያው ተዘርግፈው ወደቁ።

«አንጀቷ ወጣ!» አለ አንዱ ጎረምሳ። ሳቁ። ከዚያ የሽፈራውን ፊት አዩና ሳቁ ቆመ። እሱ ግን ራሱ ሳቀ። «ልክ ነህ፣ አንጀቷ ነው» አለ። ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሽቦው ራሱና ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ። ቀጫጭኖቹ ከሰሌዳው አልተላቀቁም። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራሙ ግን ከነቡሎኑ ተነቅሎ ወጥቷል። ቡሎኑ ድርቆሽ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ተንበርክከን ፈለግን። ድርቆሽ ውስጥ ቡሎን ማን ያገኛል?

«ተዉት» አለ። «ባትሪውን አምጡልኝ። ታዴ፣ ናና ከኋላዬ ቁም።»

«ጋሼ፣ ሌላ ቀን ይሁን። ግርማ ክሩን ያምጣ።»

«ሌላ ቀን የለኝም» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

ቆምኩ። የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች በግራ እጄ ወደ ጣሪያው ደግፌ፣ የወፍራሙን ሽቦ ጫፍ በቀኝ እጄ ሰሌዳው ላይ ተጭኜ ያዝኩ። «አይነዝርህም፣ አትፍራ» አለኝ። «ግን ጫፉ ልባስ የለውም። ፊውዞቹ ሰሌዳው ላይ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ይህን ሽቦ የሚጠብቀው ነገር የለም። ከአውሮፕላኑ ብረት ጋር ከተነካካ እሳት ነው። ያለነው ድርቆሽ ውስጥ ነው። እንዳትለቀው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ባትሪውን ከወንበሩ ሥር አስገባና ሽቦውን ከባትሪው ጋር የሚያጣብቀውን ዳዶ በመፍቻ አጠበቀ። መፍቻውን ኪሱ ከተተው። እንዲህ ያለ ነገር ሥራው ላይ ሌላ ሰው ሲያደርግ ቢያይ ያባርረው ነበር።

እማዬ በሩ ላይ ደርሳለች። «ሽፌ! እጅህን!» አለች።

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማዬ።»

ቀና አለ። እጁን ወደ ላይ ዘረጋና ጠቅ አደረገው። የቡና ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት በራች። ጎረምሶቹ ጮኹ፣ አንዷ ሴት እልል አለች። እሱ መብራቷን እያየ ራሱን ወደ ወንበሩ መደገፊያ አስጠጋ። ራሱ ክርኔን ነካኝ። ክርኔ ላይ የነበረው ራሱ ከበደ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አለ።

«ጋሼ» አልኩ። «ጋሼ! ያዙት!»

ሁሉም ተረባርበው አወጡት። ተሸክመውት ወደ ቤት ሮጡ። እማዬ ነጠላዋ ወድቆ ተከተለቻቸው። መጋዘኑ ባዶ ሆነ። እኔ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ጮኽኩ። ማን ይስማኝ? ልልቀቀው አልኩ፤ እግሬ ሥር ድርቆሹን አየሁ። መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነው። ወንድሜ ምን እንደሆነ አላውቅም። ቀይዋ መብራት ከዓይኔ ፊት እንደ በራች ናት።

ኦቦ ቱሉ ተመልሰው መጡ። አዩኝና «ማል ተኤ? ምን ሆነሃል?» አሉ። ነገርኳቸው። ወንበሩ ላይ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው ሽቦውን ከጣቶቼ ሥር ወሰዱት። «ሂድ» አሉኝ። «ወንድምህ ነው። እኔ ይዤዋለሁ። መፍቻውን ይዘህ ና።»

ሮጥኩ። ከመድረሴ በፊት የእናቴን ጩኸት ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ሽፈራው መደብ ላይ ተኝቷል፤ እማዬ ደረቱ ላይ ተደፍታለች። ሰው ገባ፣ ሰው ጮኸ፣ አንድ ሰው አቅፎ አስቀመጠኝ። አለቀስኩ። ቄሱ መጡ። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሊገንዙት ልብሱን ሲያወልቁ ከሱሪው ኪስ መፍቻው ወለሉ ላይ ወደቀ። ድምፁን ስሰማ ተነሣሁ።

ኦቦ ቱሉ እንደተውኳቸው ናቸው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቋል። ሁለት እጃቸው ጣሪያው ላይ፣ ራሳቸው ዝቅ ብሎ፣ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ስለነበረ አንድም ሰው ወደዚያ ዞር አላለም።

«ጩኸቱን ሰምቻለሁ» አሉኝ፤ እኔ ምንም ሳልል።

«ኦቦ፣ ለምን አልለቀቁትም? በጋቢው ጠቅልለው...»

«አስቤ ነበር። ለመጠቅለል አንዱን እጅ ማንሣት አለብኝ። ሳነሣው ቢነካስ? በአንድ ቀን ልጁም፣ ቤቱም?»

ከወንበሩ ሥር ገብቼ ዳዶውን ፈታሁት። መፍቻው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ሽቦው ከባትሪው ሲላቀቅ ከላይ ያለችው መብራት ጠፋች። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

«ኦቦ፣ አልቋል። አሁን ይልቀቁት።»

እጃቸው እንደ ተዘረጋ ነው።

«ኦቦ፣ ይልቀቁት።»

«እጄ አይሰማኝም፣ ልጄ» አሉ። «እስቲ እየኝ። ይዣለሁ ወይስ ለቅቄያለሁ?»

ቀና ብዬ አየሁ።

«ይዘዋል» አልኳቸው።

ወንበሩ ላይ ወጣሁና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው።